ጀነሬተሩ ዝም ያለ ቀን

ያለፈውን ክፍል ያላነበባችሁ ካላችሁ አትጨነቁ፣ እኔው አሳጥሬ እነግራችኋለሁ። ነገሩ የኔ ስለሆነ ከኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም። የጀልባ መካኒክ ነኝ። ወደብ ላይ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር ባየሁ ቁጥር ሥሩ ጎማ ካላስገባሁ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ «ጎሚት» ነው የሚሉኝ። የምወደው ሰው ካፒቴን ነው። የጀልባዋ ባለቤት ደግሞ እናቱ ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። እትዬ ጀልባቸውን ዝም እንዳሰኝላቸው ቀጠሩኝ እንጂ ልጃቸውን እንድወድላቸው አልቀጠሩኝም። እኔ ግን ሁለቱንም ሥራ አንድ ላይ ጀመርኩት።

ጀልባዋ ታች መኝታ ክፍሎች፣ ላይ ደግሞ የመመገቢያ ሰገነት አላት። እንግዶቿን ይዛ ትወጣና ከደሴቶቹ አጠገብ መልሕቅ ጥላ ታድራለች። ዋናው ሞተር ሲጠፋ ነው እንግዲህ ጉዱ የሚጀምረው። መብራቱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የውሃ ፓምፑም የሚሠራው በጀነሬተር ነው፤ ያ ጀነሬተር ደግሞ ከኋላ በኩል፣ ከሰገነቱ ሥር፣ ብረቱ ላይ በቀጥታ ታስሮ ነበር። ብረት በብረት ላይ! ውሃ የያዘ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡ እየተራመደ ይሄድላችኋል። እንግዶቹ ያድሩና ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ፣ ፊታቸው ተኮሳትሮ ይወርዳሉ። ተመልሶ የሚመጣ የለም።

ከጩኸቱ የባሰውን ነገር ያየሁት ግን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ያ ቤተሰብ ከጩኸቱ ጋር ተስማምቶ ይኖር ነበር። ከባድ ነገር መነጋገር ሲፈልጉ ወደ ኋላ ሄደው የጀነሬተሩ ክፍል መግቢያ ላይ ይቆማሉ። ተናጋሪው የፈለገውን ይላል። ነገሩ ያልጣመው ሰው «አልሰማሁህም» ይልና አለቀ! የተቀየመ የለም፣ የተዋረደ የለም። ይህን ያስለመዱት የካፒቴን አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የድሮው ካፒቴን ናቸው አሉ። የኔው ካፒቴንም እንደሚወደኝ የነገረኝ እዚያው ቆሞ ነው፤ «አልሰማሁህም» ካልኩት በሰላም ወደ መሪው ሊመለስ። እኔ ግን የዚያ ቤት ልጅ አይደለሁም። «ሰምቻለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ካፒቴን ሆኖ ደንግጦ መሰላሉን ሳተ።

እንዲህ እያለን ነው እትዬ እንግዳ የጠሩት። ከውሃው ማዶ ያለው ትልቅ ሆቴል ባለቤት ጀልባዋን ለእንግዶቹ በቋሚነት ሊከራያት ያስባል፤ ጸጥ ካለች ብቻ ግን። መጥቶ ምሳ ሊበላባት፣ ሊያያት ፈለገ። እትዬ ጥሩ ዜና ሲያገኙ በልክ አይበቃቸውም። ባለ ሆቴሉ ያላገባች ሴት ልጅ እንዳለችው ሰሙ።

ለጀነሬተሩ የምሠራውን ሳጥን ስለካ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ቅዳሜ ይደርሳል?»

«ይደርሳል፣ እትዬ።»

«እንዳታሳፍሪኝ። የልጄም ጉዳይ አለበት። ካፒቴንና የባለ ሆቴሉ ልጅ እንዲተያዩ ብዬ ነው። ውል ብቻውን አላምንም፣ ዝምድና ይጨመርበት።»

ሜትሩ ከእጄ አምልጦ ተጠቀለለ። እሳቸው ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። ስለኛ ማወቃቸውን ያኔ አወቅሁ።

«እጅሽ የተባረከ ነው፤ እጅሽን እወደዋለሁ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ለልጄ ግን ናፍጣ የማይሸት ቤት ነው የምመኘው። ይገባሻል አይደል?»

ጀነሬተሩ እየጮኸ ነበር። እንደ ቤተሰቡ ወግ «አልሰማሁም» ብዬ እንዳልፈው ነበር የጠበቁት። መውጫ በር ከፍተውልኝ ነበር ማለት ነው፣ አክብረውኝ።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። ከንፈራቸውን ነክሰው ሄዱ። እኔም ሜትሩን አንስቼ መለካቴን ቀጠልኩ፤ ዓይኔ ግን አንዱን ቁጥር እንኳ ማንበብ አልቻለም፣ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ካፒቴንን መሪው ክፍል ውስጥ ያዝኩት።

«ልትታጭ ነው አሉ። እንኳን ደስ ያለህ።»

«ኧረ በናትሽ! አላገባም ብዬ ነግሬያታለሁ'ኮ!»

«የት ቆመህ ነው የነገርካት?»

ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ።

«ጀነሬተሩ ጋ?»

አንገቱን ደፋ። «አልሰማሁህም አለችኝ።»

«እና?»

«ደግሜ ነገርኳት። አሁንም አልሰማችም።» ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ ማዕበል ሲመጣ እንኳ የማይርገበገብ ዓይኑ ተርገበገበ። «እማዬን ፊት ለፊት እምቢ ብያት አላውቅም። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ናት።»

«እሺ። እኔ እስከ ቅዳሜ ጀልባህን ዝም አሰኛለሁ፤ አንተ ደግሞ ተናገር» አልኩትና ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት። ብወረውረው ይሻለኝ ነበር።

የሥራ ባልደረቦቼ ሲሰሙ ምክራቸውን አዘነቡልኝ። «ሞኝ ነሽ? አንድ ነገር አላልተሽ ተይው፣ ይጩህ፣ ባለ ሆቴሉም ይሂድ፣ ሰውዬሽም ይቅርልሽ!» ስድብ መሰለኝ። እኔ ወንድ ፍለጋ ሥራ የማበላሽ ሴት ነኝ? ሰውዬውን ባጣውም፣ ቢቀርልኝም፣ ያ ጀነሬተር ጸጥ ይላል። ጎሚት ነካችው ተብሎ ይጩህ? አይታሰብም!

ስለዚህ ሠራሁት። ጀነሬተሩን ከብረቱ አንስቼ በየማዕዘኑ የጎማ መቀመጫዎች ላይ አስቀመጥኩት። ግድግዳው ላይ ተበይዶ መንቀጥቀጡን ወደ መኝታ ክፍሎቹ ሲልክ የኖረውን የጭስ ማውጫ ቆርጬ መሐሉ ላይ ተጣጣፊ ቱቦ አስገባሁ፤ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን አሮጌ ማርሚታም በአዲስ ቀየርኩት። ከዚያ ሳጥኑ መጣ፤ ውስጡን በከባድ የጎማ ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ ላይ ደግሞ በወፍራም ስፖንጅ አለበስኩት። አየር ካላገኘ ይታፈናል፣ ቀዳዳ ከተውኩለት ደግሞ ድምፁ በዚያው ይወጣል። ስለዚህ የአየር መግቢያውን ጠመዝማዛ አደረግሁት፤ አየሩ እየታጠፈ ይገባል፣ ድምፁ ግን በየመታጠፊያው ስፖንጁ ውስጥ ይቀራል።

ካፒቴን ሥራ ሲፈታ እየወረደ ባትሪ ያበራልኝ ነበር። ብዙም አንነጋገርም፤ ትከሻችን ሲነካካ ሁለታችንም ይቅርታ እንላለን፣ እንደማይተዋወቅ ሰው። አንዴ የጎማዎቹን ብሎን እንዲያስር ቁልፉን ሰጠሁት።

«እስከ መጨረሻው አታጥብቀው» አልኩት። «ጎማው ከተጨፈለቀ ከብረት አይለይም። ትንሽ ይተንፍስ።»

ወንዶች ይህችን ነገር አይወዷትም። ብሎን ካገኙ ዓይናቸው እስኪፈጥ ማጥበቅ ነው። እሱ ግን ገባው፤ እያሰረ እጄን ያይ ነበር፣ በቃ ስለው አቆመ። ያን ቀን ይበልጥ ወደድኩት፣ እግዜር ይይለት።

አርብ ከሰዓት አስነሳነው። ብርጭቆው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ውሃው ጀልባዋን ከታች መታ መታ ሲያደርጋት፣ ወፎቹ ሲንጫጩ ይሰማል። እትዬ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ቆዩ፣ ቆዩ። ምስጋና ስጠብቅ ክፍላቸው ገብተው በሩን ቆለፉ። ከፋኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ቅዳሜ ባለ ሆቴሉ ከነልጁ መጣ። ልጅቷን ለመጥላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። መነጽር ያደረገች፣ ሳቂታ፣ ጫማዋን አውልቃ ይዛ መሰላሉን የወጣች ልጅ ናት። ደሴቶቹ ጋ ደርሰን መልሕቅ ተጣለ፣ ዋናው ሞተር ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ።

ጀልባዋ ደግሞ ተነሳች! ሹካዎቹ ሳህን ላይ ይንጫጫሉ፣ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ባለ ሆቴሉ ጆሮውን ያዘ። እትዬ ዞረው አዩኝ፤ ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። ሰው ሁሉ ምን እንዳሰበ ገባኝ፤ ቅናት ይዟት ሥራውን አበላሸችው ነው።

የጆሮ መከላከያዬን አጥልቄ በሩጫ ወረድኩ። ሳጥኑን ከፍቼ በባትሪ አየሁ። ብሎኖቹ በሙሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ እስከ መጨረሻው ጠብቀዋል። ጎማዎቹ ተጨፍልቀው ወረቀት መስለዋል። ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው ከኔ ሌላ አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ልቤ ቆመ፣ ቀጥሎ ደሜ ፈላ።

አጠፋሁት፣ ብሎኖቹን ወደ ልካቸው መለስኩ፣ አስነሳሁት፣ ሳጥኑን ከደንኩት። ቀና ስል ካፒቴን መሰላሉን ወርዶ ፊቴ ቆሟል። የጆሮ መከላከያው እንዳለ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ያጠለቅሁት ጩኸቱ ውስጥ ስለነበረ፣ ለኔ ጩኸቱ ገና አላለቀም።

«አንተ ነህ አይደል?!» ብዬ ጮህኩ።

አፉን ከፈተ፣ እጁን ወደ ታች ወደ ታች አደረገ። ዝም በይ የሚለኝ መሰለኝ። እኔን? ዝም? ይባስ ብዬ ጮህኩ።

«ጎማው ይተንፍስ ብዬ ያስተማርኩህ ለዚህ ነው? አፍህን ከፍተህ ‹አላገባም› እንደማለት ብሎን ታጠብቃለህ? እንግዳው በጩኸት እንዲሄድልህ? እናትህ እኔን እንዲጠረጥሩ?»

እጁን ወደ ጣሪያው ጠቆመ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እኔ ከቁብም አልቆጠርኩት።

«ስማ! እወድሃለሁ! ገባህ? ከእናትህ ቁጣ ጋር፣ ከጀልባችሁ ጋር፣ ከነፍርሃትህ እወድሃለሁ! ሌላ ሰው አልፈልግም፣ ፈልጌም አላውቅም! ግን ሥራዬን አበላሽተህ አታገኘኝም! ከጀነሬተር ጀርባ ተደብቆ ለሚወደኝ ሰው እኔ የለሁም! ወጥተህ በሰው ፊት ተናገር፣ ካልቻልክ ሂድና ቀለበትህን እሰር!»

ቀረበኝና የጆሮ መከላከያውን በቀስታ ከአንዱ ጆሮዬ ላይ አነሳው።

ከሳጥኑ ውስጥ የጠገበች ድመት ድምፅ የምታክል ጉርምርምታ ብቻ ነበር የምትሰማው። ላይ ሰገነቱ ላይ አንድ ሹካ ሳህን ላይ ወደቀ፤ ጥርት ብሎ ተሰማ። ቀጥሎ የልጅቷ ሳቅ፣ በእጇ አፍና ይዛው ያመለጣት ሳቅ።

«የኔ እናት» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ከብሎኑ በኋላ ጸጥ ብሏል። ሁሉም ሰምቷል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ልመኝ ስል ለካ ከታቻችን ውሃ ነው። መሰላሉ አናት ላይ የእትዬ ፊት ብቅ አለ።

«ሁለታችሁም ውጡ።»

ወጣን። ባለ ሆቴሉ አፉን በፎጣ እየጠረገ ነው፤ ግን አፉ ላይ ምንም አልነበረም። እትዬ ፈገግታቸውን እንደምንም ሰብስበው ወደሱ ዞሩ።

«ይቅርታዎን፣ የሠራተኞች ጭቅጭቅ ነው። መቼም በጀነሬተሩ ምክንያት ምንም አልተሰማም።»

«ኧረ እያንዳንዷ ቃል ተሰምታለች፣ እትዬ!» አለች ልጅቷ። «ጀልባዎ እኮ በጣም ጸጥተኛ ናት!»

አባቷ ግን አልሳቀም። ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «እኔ ልጄን ይዤ የመጣሁት እንዲህ ያለ ነገር ልሰማ ነው?» ብሎ ተነሳና ወደ ፊት፣ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ልጅቷ «አባዬ፣ እኔንስ መች ጠየቃችሁኝ?» እያለች ተከተለችው።

እትዬ ያንን ጀርባ አዩት። ውላቸው ነበር ያ ጀርባ፤ የጀልባዋ ቀለም፣ የሠራተኞቹ ደመወዝ፣ የመጪዎቹ ዓመታት እንቅልፋቸው። እኔም አየሁት።

«እማዬ» አለ ካፒቴን።

«አሁን አይደለም። ወደ ኋላ እንሂድና እዚያ…»

«ወደ ኋላ አልሄድም። እዚሁ ነው የምነግርሽ።» ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን አልተቆረጠም። «ብሎኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። ፈርቼሽ ነው። ደጋግሜ ነግሬሻለሁ፣ እንዳልሰማ ስትሆኚ እኔም እንዳልተናገርኩ ሆንኩ። እወዳታለሁ፣ እማዬ። ሌላ አላገባም።»

የእትዬ አፍ ለለመደው ቃል ተከፈተ። «አልሰማ…» ብለው ቆሙ። ሊጨርሱት አልቻሉም። ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡ፤ ወደቡን ሁሉ በአንድ ዓይን የሚያዙት እትዬ ድንገት ትንሽ ሆኑብኝ።

«አባትህ» አሉ፣ «በመጨረሻው ጉዞው ጠዋት፣ እዚያ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ነገረኝ። እኔ ልወርድ ነበር፣ ጀነሬተሩ ይጮኻል። ‹እሺ› አልኩት፣ በእጄ ሸኘሁት። ምን እንዳለኝ ግን አልሰማሁም፤ የእውነቴን አልሰማሁም። ምናልባት ‹ቤቱን ቆልፊ› ነው ያለኝ። ምናልባትም ሌላ ነው። ‹ደግመህ ንገረኝ› ብለው ምን ነበረበት? ማታ እጠይቀዋለሁ ብዬ…»

እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፣ አልጠረጉትም።

«ትናንት ጸጥ ሲልብኝ ክፍሌ የገባሁት ለዚያ ነው፣ አንቺ ልጅ። ሥራሽን ንቄ አይደለም። ምነው ያኔ በኖርሽ ብዬ ነው።»

ስንት ነገር ልመልስላቸው ተዘጋጅቼ ነበር! ሙግቴን ሁሉ ደርድሬ፣ አንዱንም ሳልረሳ። ሁሉንም ተውኩት። ሄጄ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ፤ እጃቸውን ያዝኩ። ቅባቱ እንደሚነካቸው ረስቼው ነበር፤ እሳቸውም እጃቸውን አልሰበሰቡም።

አንዴ ደግመው ወደ ባለ ሆቴሉ ጀርባ አዩ። ከዚያ ተነሱ።

«ማጥፊያው የቱ ነው?»

«የጀነሬተሩ? ቀዩ ነው፣ እትዬ። ግን ጸጥ ብሏል እኮ!» አልኩ፣ በሥራዬ ተነክቼ።

«ለእናንተ ጸጥ ብሏል። ለኔ ገና ይሰማኛል» አሉና ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ በዚያ ጠባብ መሰላል ወረዱ፣ ማንም ሳይደግፋቸው።

ጀነሬተሩ ጠፋ። ማራገቢያው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ቆመ። ያቺም ጉርምርምታ እንኳ ጠፋችና ምንም ድምፅ አልቀረም። ባለ ሆቴሉ ከፊት ዞሮ «ደግሞ ምን ሆነ?» ሲል ልጁ ክንዱን ያዘችው።

«በል እንግዲህ አሁን ንገራት!» አሉ እትዬ ከታች።

ካፒቴን ወደኔ ዞረ። ጀልባ በጨለማና በጉም የሚያስገባ ሰው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ልረዳው ፈለግሁ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ዝም አልኩ። ይህችን አንድ ነገር ራሱ ማንሳት ነበረበት። አንገቱ ላይ የደም ሥሩ ሲመታ አየሁት፣ የኔንም ሰማሁት።

«ታገቢኛለሽ?» አለኝ። ጮክ አላለም። ግን የሚሸሸግበት አንድም ድምፅ አልነበረም፣ መሸሸግም አልፈለገም፤ ዓይኔን ቀጥ ብሎ ነበር የሚያየኝ።

«እጄ ሁሌም ናፍጣ ይሸታል» አልኩት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

«የኔም ይሸታል።»

ያ ሁሉ ስጮህበት የነበረው ጉሮሮዬ የት እንደገባ እንጃ። ከንፈሬን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት ብል ይቀለኛል።

«እሺ» አልኩት።

እሱ ራሱ የሰማኝ አልመሰለኝም። ከመሰላሉ ሥር፣ ከጨለማው ውስጥ ግን እልልታ ሊሆን ትንሽ የቀረው የእትዬ ድምፅ መጣ።

«እሰይ! እሰይ፣ ልጆቼ!»

ያኔ ነው እኔ ጎሚት፣ አልቅሳ የማታውቀው፣ ደረቱ ላይ ተደፍቼ እንባዬን የለቀቅሁት።